ሦስተኛው ቅጽ የት ገባ? የአንድ ስኮትላንዳዊ ደራሲ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ልብ ወለዱን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ ወደ ፊልም የሄደ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። «ትንሽ ገንዘብ ልያዝና እመለስበታለሁ» ብሎ ነው የሚሄደው። ብዙውን ጊዜ አይመለስም። እኛም «ተሰጥኦውን አባከነ» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

ስለዚህ ሰውም እንዲሁ ነበር የማስበው። ከዚያ ልብ ወለዶቹንና ፊልሞቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ስም ዓይኔ ገባ። በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሞዝቢ የሚባል ወጣት አለ። በ1975 በወጣው የሆሊውድ ፊልሙ ውስጥ ያለው የግል መርማሪም ሞዝቢ ነው የሚባለው። አንዱ የስኮትላንድ ሰው፣ ሌላው የሎስ አንጀለስ። ስሙ ግን ያው ነው። ፋይሉን እንደገና የከፈትኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ የባለ ጉዳዩንም ጭምር። «ደራሲው» እያልኩ እቀጥላለሁ። የሥራዎቹን ርእስ ግን ካልጠራሁ ነገሩ ስለማይገባ እጠራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ደራሲው በጥር 1934 ስኮትላንድ ውስጥ ኤይሊዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እናቱ ያላገባች ነበረች። ስድስት ሳምንት ሲሞላው በጉዲፈቻ ተሰጠ። የወሰዱት ባልና ሚስት የግሪኖክ ነዋሪዎች ነበሩ። አሳዳጊ አባቱ የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ ነው። ቤቱ የሳልቬሽን አርሚ ቤት ነበር። ይህ እንደ ወታደር ዩኒፎርም ለብሶ፣ የነሐስ ባንድ ይዞ መንገድ ላይ የሚሰብክ የፕሮቴስታንት ማኅበር ነው።

ግሪኖክ የክላይድ ወንዝ ሰፍቶ ወደ ባሕር በሚጠጋበት ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። የዚያን ጊዜ እንጀራዋ መርከብና ስኳር ነበር። መርከብ ይሠራባታል፣ ስኳር ይጣራባታል። በግንቦት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ሁለት ሌሊት ደብድበዋታል። ደራሲው ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነው።

በ14 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ መርከብ ግንባታው ውስጥ ተለማማጅ ሆነ። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርናውን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የግል መርማሪ ረዳት ሆኗል። ጀርመን ሄዶ እንግሊዝኛ አስተምሯል። ሳህን አጥቧል፣ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ ሠርቷል፣ ምንጣፍ ጠቅልሏል። በመጨረሻ ለንደን ገብቶ መጻፍ ያዘ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባልልኝ። አንደኛው የጉዲፈቻው ነገር ነው፤ አባቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ። ሁለተኛው ሰባኪዎቹ ናቸው። ሁለቱም ኋላ ላይ ባልተጠበቀ ቦታ ብቅ ይላሉ።

ችግሩ

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1965 ወጣ። ርእሱ «ኤ ግሪን ትሪ ኢን ጌዴ» ነው። ወጣቶች ናቸው፤ ከቤታቸው ወጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ። ቋንቋው ድፍረት የሞላበት ነው፤ በቃላት ይጫወታል፣ ስለ ፍቅርና ስለ ገላ በግልጽ ያወራል። በ1967 የስኮትላንድ የሥነ ጥበባት ምክር ቤት ሽልማት ሰጠው። በዚያው ዓመት ሁለተኛው ቅጽ «ዘ ዊንድ ሺፍትስ» ታተመ። ሥራው ሲታቀድ በሦስት ቅጽ ነበር።

ሦስተኛው ቅጽ አልወጣም።

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ተመስግኖ፣ ተሸልሞ፣ አንባቢ እየጠበቀው ከሦስት ሁለቱን ሰጥቶ ቆመ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለሬዲዮና ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ድራማ ይጽፍ ስለነበር የስክሪፕት ሥራ አዲስ አልነበረም።

ከእነዚያ ድራማዎች አንዱ «ዘ ሎንግ ዲስታንስ ፒያኖ ፕሌየር» ነው። በጥቅምት 1970 የቢቢሲ አዲስ ተከታታይ የድራማ ፕሮግራም ሲጀመር የመክፈቻው ሥራ ሆነ። አንድ ሰው ፒያኖ ፊት ተቀምጧል። አራት ቀንና አራት ሌሊት ሳያቋርጥ ተጫውቶ ሪኮርድ ሊሰብር ነው። ሥራ አስኪያጁ «ቀጥል» ይለዋል። ሚስቱ «በቃህ» ትለዋለች። ሰውየው ጣቶቹ እስኪከዱት ይቀጥላል። የምን ዜማ እንደሚጫወት ለማንም ግድ የለውም፤ ለራሱም ጭምር። ዋናው ነገር አለማቋረጡ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ሥራን መጨረስ ምን እንደሚያስከፍል ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

የተወሰደው እርምጃ

ከ1971 እስከ 1975 ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የጻፋቸው 5 ፊልሞች ወጡ። ይህ ለማንም ጸሐፊ ብዙ ነው። የወሰደው እርምጃ ቀላል ይመስላል። የራሱን የግሪኖክ ታሪክ ለሆሊውድ ልሽጥ አላለም። ሆሊውድ የሚያውቀውን ዕቃ አነሳ፤ የካውቦይ ፊልምና የመርማሪ ፊልም። የራሱን ነገር እዚያ ውስጥ አስገባ።

«ዘ ሃየርድ ሃንድ» በ1971 ወጣ። ቅጥር ሠራተኛው ማለት ነው። አንድ ሰው ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጥሎ ለዓመታት ሲዞር ኖሮ ይመለሳል። ሚስቱ በር ላይ አቁማ ታነጋግረዋለች። ባል አድርጋ አትቀበለውም። «ሥራ ከፈለግክ ቅጥር ሠራተኛ ሆነህ ግባ» ትለዋለች። ይገባል። የገዛ ቤቱን ያድሳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ማታ ከጓደኛው ጋር ውጭ ያድራል። ሽጉጥ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ግን ፊልሙ ስለዚያ አይደለም። ጥሎ የሄደ ሰው በምን ዋጋ ይመለሳል የሚል ጥያቄ ነው።

ስለ ደራሲው የግል ሕይወት ብዙ አልልም። ትዳሩ ከአንዴም በላይ ፈርሷል። አንዲት የታወቀች እንግሊዛዊት ደራሲ ልጅ ወልዳለታለች። እሷም በእሱ ላይ ተመሥርታ የጻፈችውን ልብ ወለድ በ1975 አሳትማለች። መልኩ ያማረ፣ አንደበቱ የጣፈጠ፣ የማይጨበጥ ወንድ ነው ታሪኩ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድን መሄድ ከሁለት ወገን ያያል። በር ላይ የቆመችውን ሴት እንዲያ አድርጎ የጻፋት ግን ራሱ ነው። ለራሱ አላዳላም።

«ኡልዛናስ ሬይድ» በ1972 ተከተለ። በ1885 አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አፓቼዎች፣ ማለትም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ፣ በእውነት ካካሄዱት ወረራ የተነሳ ታሪክ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ገና ጢሙ ያልጠነከረ መቶ አለቃ አለ። የሰባኪ ልጅ ነው። ያየው ጭካኔ አእምሮው ውስጥ አልገባ ይለዋል። አብሮት ያለውን አፓቼ መንገድ መሪ «ለምንድነው ወገኖችህ እንዲህ ጨካኝ የሆኑት?» እያለ ይጠይቃል። መንገድ መሪው አይቆጣም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። እንዲህ ነን ብሎ ያስረዳዋል። ያን ጊዜ አሜሪካ ቬትናም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ተመልካቹም ፊልሙን ከዚያ ጋር አያይዞ ነው ያየው። እኔ ደግሞ የሳልቬሽን አርሚውን ቤት ልጅ አየሁበት። በጎነት ሲሰበክ ሰምቶ ያደገ፣ ዓለም ግን ስብከቱን አልመስል ያለው ልጅ።

በ1974 በወጣው ሌላ የካውቦይ ፊልም ዋናው ሽፍታ ስኮትላንዳዊ ነው፤ በስኮትላንድ ቅላፄ ያወራል። ፊልሙ የተቀረጸው እስራኤል በረሃ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ምዕራብ፣ የእስራኤል አሸዋ፣ የስኮትላንድ አነጋገር። ደራሲው ከአገሩ ወጥቶም አገሩን በኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ «ናይት ሙቭስ» ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ ሲነገር ሁለት ትርጉም አለው። በጆሮ ብቻ ከሰማችሁት «የሌሊት እንቅስቃሴ» ወይም «የቼዝ ፈረስ እርምጃ» ሊሆን ይችላል። መርማሪው ሞዝቢ ትንሽ የቼዝ ሰሌዳ ይዞ ይዞራል። በ1922 የተካሄደ አንድ ጨዋታ ለአንዲት ሴት ያሳያታል። ተጫዋቹ ንግሥቱን ሠውቶ በሦስት የፈረስ እርምጃ ማሸነፍ ይችል ነበር። አላየውም። ሌላ ነገር ተጫወተና ተሸነፈ። ሞዝቢ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሲቆጭ እንደኖረ ያስባል።

እዚያው ፊልም ውስጥ ሌላ ትንሽ ወሬ አለ። ሞዝቢን አባቱ በልጅነቱ ጥሎት ሄዷል። መርማሪ ነውና አድኖ ያገኘዋል። ሽማግሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ላይ ያለውን የቀልድ ሥዕል እያነበበ ነው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጁ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ለሚስቱ ግን አባቱን ሄዶ እንደጎበኘ አድርጎ ነው ያወራላት የነበረው።

ይህች ወሬ ለምርመራው ምንም አትጨምርም። ብትቆረጥ ፊልሙ አይናጋም። ግን የመርማሪው ሕይወት በሙሉ እዚያች አግዳሚ ወንበር አጠገብ ነው ያለው።

የሠራው እና ያልሠራው

ዘዴው በጥራት በኩል ሠርቷል። እነዚህ ፊልሞች ዛሬም ይታያሉ፣ ይጠናሉ። ሲወጡ ግን ገበያው አልሳቀላቸውም። «ዘ ሃየርድ ሃንድ» ከስሮ ለዓመታት ተረሳ። በ2001 ታድሶ በፌስቲቫል ሲቀርብ ነው ሰው እንደ አዲስ ያየው። «ናይት ሙቭስ» በ1973 ተቀርጾ እስከ 1975 ቆይቶ ወጣ። ያኔም ብዙ ተመልካች አላገኘም። ዛሬ ከዚያ ዘመን ምርጥ የመርማሪ ፊልሞች ተርታ ይጠራል።

በሥልጣን በኩል አልሠራም። ልብ ወለድ ላይ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የጸሐፊው ነው። ስክሪፕት ግን ከእጅ ከወጣ በኋላ የሌላ ሰው ነው። በ1971 የወጣው «ዘ ላስት ራን» ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ዳይሬክተሩ ጥሎ ሄዶ ሌላ ተተካ። «ኡልዛናስ ሬይድ» ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተለያየ ሆኖ ተቆርጦ ወጣ። የትኛው ነው የጸሐፊው? ሁለቱም አይደለም ማለት ይቻላል።

ይህን ለመፍታት በ1985 አንድ ፊልም ራሱ ጽፎ ራሱ ዳይሬክት አደረገ። አልተሳካም። ዳግመኛ ዳይሬክት አላደረገም። መቆጣጠር መፈለግና መቆጣጠር መቻል ለየቅል ናቸው።

መጽሐፉስ? በ1971 እና በ1975 ሁለት መጽሐፍ አሳትሟል። ግን «ዘ ሃየርድ ሃንድ» እና «ናይት ሙቭስ» ነበሩ፤ የራሱ ስክሪፕቶች ወደ ልብ ወለድ ተመልሰው። ሦስተኛው ቅጽ ሊይዘው የሚገባውን መደርደሪያ የፊልሞቹ መጽሐፎች ያዙት። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል። የግሪኖክን ሰው እንዲያ አድርጎ የጻፈ ብዙ አልነበረም። ያ መጽሐፍ የነበረበት ባዶ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

ከ1975 በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ላልፋቸው። የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም፣ የስለላ ፊልም፣ ለቴሌቪዥን የሚሠሩ ፊልሞች። የእንጀራ ሥራ ናቸው። ኑሮውን ኒው ዚላንድ ውስጥ ካዋው በምትባል ደሴት አደረገ። ከግሪኖክ ከዚያ በላይ መራቅ አስቸጋሪ ነው።

ወደ አገር ቤት

ከዚያ በ1995 «ሮብ ሮይ» መጣ። ታሪኩ በ1713 የስኮትላንድ ደጋ ውስጥ ነው። ቀረጻውም እዚያው ስኮትላንድ ተራሮች ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ስኮትላንዳዊ ነበር። ደራሲው 61 ዓመቱ ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው በብድር ነው። ሮብ ሮይ ከብት ገዝቶ ለማትረፍ ከአንድ መኳንንት 1,000 ፓውንድ ይበደራል። ገንዘቡን የያዘው ጓደኛው ጫካ ውስጥ ይገደላል፤ ገንዘቡም ይጠፋል። መኳንንቱ «በባላጋራዬ ላይ በሐሰት መስክርልኝና ዕዳህን ልተውልህ» ይለዋል። እምቢ ይላል። ዕዳ፣ ከብት፣ ቃል፣ ምስክር። ይህን ለገበሬ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የኔ ዓይን ግን ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ገዳዩና ሌባው ወጣት አባቱን የማያውቅ ዲቃላ ነው፤ ራሱም እንዲያ እያለ ያወራል። ይህ ሰው የሮብ ሮይን ሚስት ይደፍራታል። እሷ ደብቃ ትይዘዋለች። ኋላ እርጉዝ መሆኗ ይታወቃል፤ ልጁ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ልጁን ልትገድለው እንዳልቻለች ለባሏ ትነግረዋለች። ባልየው መገደል ያለበት ልጁ እንዳልሆነ ይመልስላታል። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ ተነስቶ አያለቅስም።

በስድስት ሳምንቱ ለሌላ ቤት የተሰጠ ሰው ነው ይህን የጻፈው። አባቱን የማያውቀውን ሰው ክፉ አደረገው፣ አባቱ የማይታወቀውን ሕፃን ግን ቤት አስገባው። ያ የመርከብ ሠራተኛም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ ለሚጽፍ ሰው የሚወሰድ ነገር አለ ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ስለ ዕቃው ነው። ተመልካች የሚያውቀው የፊልም ዓይነት እስር ቤት አይደለም። ፈረሱንና ሽጉጡን ተመልካች ስለሚያውቀው ጸሐፊው እነሱን ለማስረዳት ጊዜ አያጠፋም። ያን የተረፈ ጊዜ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለውን ሽማግሌ ለማሳየት ተጠቀመበት። ግን የራሳችሁ ነገር ከሌላችሁ ዕቃው ባዶውን ይንኳኳል፤ የ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራዎቹ ላይ ይሄ ይታያል።

ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። ረጅም ሥራ ይዞ ሌላ ሥራ የሚቀበል ሰው የሚመለስበትን ቀን ከመሄዱ በፊት ይቁረጥ። ሦስተኛውን ቅጽ ያስቀረው ስንፍና አይመስለኝም፤ በ5 ዓመት 5 ፊልም የጻፈ ሰው ሰነፍ አይደለም። ወጣት ሆኖ የጀመረው መጽሐፍ ግን ወጣት ሆኖ ካልተጨረሰ ጸሐፊው ራሱ ሌላ ሰው ይሆናል። ተመልሶ ቢቀመጥም ያ ድምፅ አይገኝም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የውል ነገር አለ። ስክሪፕት ስትሸጡ ምን እንደሸጣችሁ እወቁ። እሱ የገጸ ባሕርይ ስም፣ የአባትን ወሬ፣ የልጅነት ቤቱን ሁሉ አብሮ ሸጧል። መሸጡ ጥፋት አይደለም። ግን ለመጽሐፉ የሚተርፍ ምን እንዳስቀረ ያሰበበት አይመስለኝም።

ገበያ ላይ የመጀመሪያ ሳምንት የሚሰጠውን ፍርድ በተመለከተ ደግሞ 1971ንና 2001ን ማየት ይበቃል። 30 ዓመት ቆይቶ የሚነሳ ሥራ አለ።

የመጨረሻው ሥራ

በ2008 «ዲን ስፓንሊ» ወጣ። ደራሲው 74 ዓመቱ ነበር። በብሪታንያና በኒው ዚላንድ ትብብር የተሠራ ነው። መነሻው በ1936 የታተመ የአንድ አየርላንዳዊ መኳንንት አጭር ልብ ወለድ ነው። አንድ ቄስ የተወሰነ ዓይነት ወይን ሲቀምስ ቀድሞ በሌላ ሕይወቱ ውሻ እንደነበር ያስታውሳል። መጽሐፉ ይሄ ነው። አባትና ልጁን ያመጣቸው ግን ስክሪፕቱ ነው።

አባትየው ሌላውን ልጁን በጦርነት አጥቷል። አላለቀሰም። ስለ ሞቱ እንዲወራም አይፈልግም። የቀረው ልጁ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣ ይጎበኘዋል። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የሚያወሩት ነገር የላቸውም። ልጁ ግን ሐሙስ ሲደርስ ይመጣል።

አባትየው ልጅ ሳለ አንድ ውሻ ነበረው፤ አንድ ቀን ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ቄሱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ያ ቀን እንዴት እንደነበር በውሻው አንደበት ይተርካል። ሩጫውን፣ ጓደኛውን፣ ተኩሱን፣ እንዴት ሳይሰቃይ እንዳለቀ። ሽማግሌው እየሰማ ነው። ውሻው ሊመለስ ፈልጎ እንደነበር ይገባዋል። ያን ጊዜ ለልጁ ያልወጣው ዕንባ ይወርዳል። የቀረው ልጁ አጠገቡ ነው፤ በዚህኛው ፊልም ልጁ ጥሎ አልሄደም።

ደራሲው በየካቲት 2013 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። 79 ዓመቱ ነበር።